ከሾርባ የወጣ ምስክር

ነጩ ሳጥን ባዶ ነበር። ዛኪያ ክዳኑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች፤ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ያንኑ ኪሱን ደጋግሞ እንደሚፈትሸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ የቱና ዓሣ ራሶች፣ እያንዳንዳቸው ጉንጫቸው ላይ ቁጥር የታሰረባቸው፣ በገዛ እጇ ደርድራ በረዶ አልብሳቸው ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው። አርብ ጠዋት በረዶው አለ፤ ራሶቹ የሉም።

«ሱብሃነላህ!» አለች። ቀጥሎ የመጣላትን ቃል ግን ረመዳን ነውና ከምላሷ ጫፍ መለሰችው።

የጠፋው የዓሣ ራስ ነው፤ ወርቅ አይደለም። ደግሞም ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ የዓሣ ራስ ቢጠፋ ሽታው ተገላገልን የሚል ይበዛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ዛኪያ የምትሠራበት የኤርሚያስ ዓሣ ቤት ነው፤ በዚህ አገር ባሕር የሚደረሰው በአውሮፕላን ነው። ዓሣው ሃዋይ ላይ ይጠመድና ዴንቨር አየር ማረፊያ ይወርዳል፤ የዛኪያ አጎት ጋሽ አብዱልወሃብ በቫን ያመጡታል፤ ዛኪያና ሁለት ሴቶች ይበልቱታል፤ ማታ የዴንቨር ሰው በጥሬው ስጎ ውስጥ እየነከረ ይበላዋል። ዛኪያ እዚህ አገር እንደገባች ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ አየር ማረፊያ ዊልቸር እየገፋች ነበር የምትኖረው። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ሲመሰገንም ሲሰደብም ፈገግ ማለት አለበት። ዓሣ ግን ፈገግታ አይጠይቅም። ቢላዋ የያዘችው ለዚህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፈገግ የምትለው ደስ ሲላት ብቻ ነው።

የዓሣ ራስ ዋጋ ያገኘው ባለፈው ዓመት ነው። አቢጊያ የምትባል፣ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ያለችው የሊትልተን ልጅ፣ ባሕር በሌለበት አድጋ የባሕር ዓሣ ተመራማሪ የሆነች ወጣት፣ ካፒቴን ሬይ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ይዛ መጣች። ሬይና የትንንሽ ጀልባ ጓደኞቹ የሚያጠምዱት ውሃ ውስጥ በተሸሸገ አንድ ኮረብታ ዙሪያ ነው፤ ቱናው እዚያ ይሰበሰባል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን የሚወጣው ሁሉ ገና ያልወለደ ጎረምሳ እየሆነ መጣ። አጥማጆቹ ማንም ሳያስገድዳቸው «ኮረብታው ለጥቂት ዓመት ይዘጋ፤ እኛም አናጥምድበት» አሉ። በገዛ እንጀራቸው ላይ በር ዝጉብን ማለታቸው ነው። ትልልቅ መርከብ ያላቸው ሰዎች ሳቁባቸው። «ዓሣውማ አዋቂ ነው፤ የደከማችሁት እናንተ ናችሁ» አሏቸው።

ማን እንደዋሸ የሚያውቀው ዓሣው ነው። ቱና በጆሮው ውስጥ ሁለት ድንጋይ አለው፤ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የሚተልቁ፣ ነጫጭ፣ ጠርዛቸው የተጨረፈ። ድንጋዩ ተሰንጥቆ በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀለበት አለው፤ የዓሣው ዕድሜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ተስማሙ። ሬይና ጓደኞቹ የዓሣውን ራስ ባሕር ላይ ቆርጦ መጣል ትተው ከነራሱ ይልካሉ፤ ዛኪያ ድንጋዩን ታወጣለች፤ አቢጊያ ወስዳ ዕድሜውን ታነባለች። ኤርሚያስም የሚያተርፈው አለው፤ ሬይ ምርጥ ዓሣውን የሚሸጠው ራሶቹን ለሚጠብቅለት ሰው ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማዕበል ከኮረብታው አላስጠጋ ብሏቸው ከርሞ፣ በአንድ የተረጋጋ ቀን የወጡት እነዚህ ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ስለ ኮረብታው የሚወስነው ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አቢጊያ ድንጋዮቹን ልትወስድ ዛሬ ቀትር ላይ ትመጣለች።

ድንጋዩ የወጣለት ራስ ወደ ሰማያዊ ሳጥን ይገባል፤ ያልወጣለት በነጩ ይቆያል። ሰማያዊውን በረመዳን ጋሽ አብዱልወሃብ ለመስጊድ ሾርባ ይወስዱታል። ምግብ መጣል ወንጀል ነው ብለው ራሳቸው የጀመሩት ልማድ ነው፤ ዛኪያም ደስ ብሏት ፈቅዳለች። ከኤርሚያስ ሌላ የማቀዝቀዣው ቁልፍ ያለው ሰው እሳቸው ናቸው። ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ፣ ነጩን ሳጥን ከፍተዋል?»

«ከፍቻለሁ» አሉ፤ የሚያፍሩበት ነገር ያለ አይመስልም።

«ራሶቹስ?»

«ተበሉ።»

ዛኪያ ግድግዳውን ተደገፈች። ግድግዳው በረዶ ነው፤ አልተሰማትም።

«ሰማያዊው አልበቃም» አሉ ጋሽ አብዱልወሃብ። «ትናንት መስጊድ ሰው ጎረፈ። አዲስ የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ፆመኛ በባዶ ሰሃን ላስቀምጥ? ደግሞ እኔ ሌባ አይደለሁም። እናንተ የምትፈልጉት ድንጋዩን አይደል እንዴ? ሥጋው ለሰው፣ ድንጋዩ ለእናንተ። ድንጋይ አይበስል! አጥንቱን አስቀምጪልኝ ብዬ ሾርባውን ለሠራችው ለማህፉዛ ነግሬያታለሁ። አሁን ሄጄ አመጣልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ አማና ነው እኮ። በእጄ የተቀመጠ የሰው አደራ ነው።»

«የተራበ ሰው አማና አይደለም?» አሉና ስልኩን ዘጉት። አጎቷ ሲከራከሩ መጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው ትተው አያውቁም።

ኤርሚያስ ክፉ ሰው አይደለም። በአንዲት አሮጌ ቫን ጀምሮ ዓሣ ቤት ያቆመ ታታሪ ሰው ነው። ችግር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው መሸፈኛ ነው። ዛኪያ ነገሩን ስትነግረው ጭንቅላቱን ይዞ ትንሽ ቆየና፣ «ስንት ሰው ያውቃል?» አለ።

«እኔ፣ አንተ፣ ጋሼ። አላህም ያውቃል።»

«ጥሩ። ዝም አይነቅዝም።»

ወደ ውስጥ ገብቶ ከሌላ ጭነት የተረፉ የቱና ራሶች እያንከባለለ አመጣ። ሬይ የላከለትን የዘጠኙን ዓሦች ርዝመት ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ በዓይኑ እየለካ የሚመጣጠኑትን ለየ። መሳቢያው ውስጥ ባዶ ካርድና ገመድ አለ።

«ቁጥሩን እኔ እጽፋለሁ፤ አንቺ ድንጋዩን አውጪ። ከቀትር በፊት እንጨርሳለን።»

«እነዚህ ከየት ባሕር እንደመጡ ታውቃለህ?»

«ዓሣ ፓስፖርት የለውም፣ ዛኪያ።»

«ሬይ ዓሣው ልጅ ነው ብሎ እየጮኸ፣ አንተ ሽማግሌ ሊሆን የሚችል ዓሣ በሱ ስም ትልክለታለህ? በገዛ ዓሣው ስም ይመሰከርበት?»

«ማን ያየዋል?»

«እኔ እያየሁት ነው። በረመዳን በሐሰት አልመሰክርም። በሞተ ዓሣ አፍም አላስመሰክርም።»

ኤርሚያስ ካርዱን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዛኪያ ሲጮህ አትፈራውም፤ ዝቅ ሲል ነው የምትፈራው።

«ስሚኝ። ሬይ አደራዬን በላችሁ ብሎ ቢተወኝ ትልልቆቹ ሬስቶራንቶች አብረውት ይሄዳሉ። ይሄ ቤት ይዘጋል። ለልጅቷ እውነቱን ከነገርሻት ጋሽ አብዱልወሃብ ሰኞ የቫኑን ቁልፍ ያስረክባሉ። ያንቺ አጎት ናቸው፤ ምርጫውም ያንቺ ነው።»

«ዝም አይነቅዝም ብለሃል» አለች ዛኪያ ጓንቷን እያወለቀች። «ዓሣ ግን ይገማል። ሲገማ ደግሞ ከአናቱ ነው።»

በሩን ጎትታ ዘግታ ወጣች። አፏ ደፋር ነበር፤ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ግን ፈርታ ነበር። ጋሽ አብዱልወሃብ ወደዚህ አገር ያመጧት፣ ሥራ ያስያዟት፣ የአባቷን ቦታ የያዙ ሰው ናቸው። በዚያ ዕድሜ ቫን የሚሰጣቸው ሌላ ቀጣሪ የለም። ያለ ሥራ ቤት ቁጭ ካሉ እንደማይከርሙ ታውቃለች። የኤርሚያስን ካርዶች መጻፍ ቀላል ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር። ይህን ስታስብ ደግሞ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ንዴት ለዛኪያ ከፍርሃት ይቀላታል። መኪናዋን አስነስታ ወደ መስጊድ ነዳች።

ጋሽ አብዱልወሃብ የመስጊዱ ወጥ ቤት በር ላይ ባዶ ከረጢት ይዘው ቆመው ነበር። ንፋሱ ጋቢያቸውን ይገርፈዋል።

«የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ወስዶታል» አሉ ሳያዩዋት። «አጥንቱን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚጨምሩት ነገር አይጠፋም ነበር። አሁን ከረጢቱን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

ዛኪያ አልፋቸው ገባች። እትዬ ማህፉዛ ለማታው ምስር ይለቅማሉ። ለሰርግም ለለቅሶም የእሳቸው ድስት ካልተጣደ ሰው የተጠራ የማይመስለው ሴት ናቸው። ዛሬ ምስሩን የሚለቅሙት ጠላት እንደሚፈልግ ሰው ነበር።

«መጣሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንቺም ጠጠር ልትቆጥሪብኝ ነው?»

«የምን ጠጠር?»

«ያልሰማሽ አትምሰይ። ትናንት በማህፉዛ ሾርባ ጠጠር ተገኘ ተብሎ አውሮራ ሲያወራ ነው ያደረው! እኔ! ምስር ሳልለቅም ድስት ጥጄ የማላውቅ! ያ ታክሲ ነጂው ፈሪድ ጉንጩን ይዞ ተነሳ። ሴቶቹ እየተያዩ በሶፍት ይተፋሉ። አንዷማ "ዓይናቸው ደክሞ ነው" ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ዓይኔ!»

ዛኪያ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ጠጠሩን የት አደረጉት?»

«የት አደርገዋለሁ? ከየሰሃኑ ለቅሜ አስቀምጬዋለሁ። ከጁምዓ በኋላ ደምሰው ሱቅ ሄጄ፣ ምስር ነው ብለህ የሸጥክልኝ ይሄን ነው ብዬ ፊቱ ላይ ነው የምደፋለት።»

ከመደርደሪያው አንዲት ሲኒ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረጓት። ዛኪያ ጎንበስ ብላ አየች። ነጫጭ፣ ጠርዛቸው የተጨረፈ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የረዘሙ ድንጋዮች። አሥራ አንድ ነበሩ። ምስሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ፤ ሁለቱንም አልከለከለቻቸውም።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«እትዬ ማህፉዛ፣ ይሄ ጠጠር አይደለም። የዓሣው ጆሮ ነው።»

ነገሩን ስታስረዳቸው እትዬ ማህፉዛ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም፤ ይህም ብርቅ ነው። ራሶቹን በመጥረቢያ እንደፈለጧቸው፣ ቁጥሩን ዋጋው መስሏቸው ከነገመዱ ቆርጠው እንደጣሉት ነገሯት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

«አንቱ ሰውዬ! ስሜን አፈር ድሜ ያስጋጡት እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ አብዱልወሃብ ባዶ ከረጢታቸውን ያዩ ነበር።

በዛኪያ መኪና ሲመለሱ ሲኒዋን በሶፍት ጠቅልለው የያዙት ጋሽ አብዱልወሃብ ናቸው። ዛኪያ መንገዱን ሙሉ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት፣ መልሳ ስትዘጋ ቆየች። ዓሣ ቤቱ ሲቃረብ ግን ተናገረች።

«ጋሼ፣ ለአቢጊያ እውነቱን ከነገርኩ ኤርሚያስ የቫኑን ቁልፍ እቀበላለሁ ብሏል።»

ሽማግሌው ሲኒዋን አጥብቀው ያዙ። ቀይ መብራት ላይ ቆሙ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩንባ ተነፋባቸው።

«ከመቼ ወዲህ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «እውነት ለመናገር እኔን የምታስፈቅጂው?»

አቢጊያ ቀድማቸው ደርሳ ነበር። ሹራቧን እንደለበሰች የዛኪያ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላለች። ኤርሚያስ ድንጋዮቹን በገዛ እጁ ከራሶቹ አውጥቷቸዋል፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ዘጠኝ ትንንሽ ፖስታዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ።

«ዛኪያ ትንሽ አሟት ነው፤ እኔ ጨርሼዋለሁ» ይል ነበር። ዛኪያን ሲያያት አንገቱን ነቀነቀ፤ አታድርጊው ማለቱ ነው።

ዛኪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ከአጎቷ እጅ ሲኒዋን ተቀብላ ከፖስታዎቹ ፊት አስቀመጠቻት።

«ያንቺ ድንጋዮች እዚህ ነው ያሉት፣ አቢጊያ። ከሾርባ ነው የወጡት። ዘጠኙም ራሶች ትናንት መስጊድ ውስጥ ተበልተዋል። የተገኘው አሥራ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የትኛው የየትኛው ዓሣ እንደሆነ አይታወቅም። ቁጥሩም ጠፍቷል። እነዚያ ፖስታዎች ውስጥ ያለው የሌላ ባሕር ዓሣ ነው።»

አቢጊያ አንዴ ሲኒዋን፣ አንዴ ዛኪያን አየች።

«ዌይት። ዌይት፣ አንቲ ዛኪያ። ሾርባ? ላይክ... የሚጠጣ ሾርባ?»

«የምስር ሾርባ» አሉ ጋሽ አብዱልወሃብ። ወደ ፊት ወጥተው የቫኑን ቁልፍ ከሲኒዋ አጠገብ አስቀመጡ። «የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሷ አላወቀችም። ኤርሚያስ፣ ቁልፍህ ይኸው። ሰኞን አልጠብቅም።»

ኤርሚያስ ቁልፉን አልነካውም። አቢጊያ የዓሣ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ዊንተሩን ሙሉ እኮ ነው የጠበቅነው» አለች። «ካፒቴን ሬይ በዚያ ማዕበል ሁለቴ ሞክሮ ተመልሷል። ጀልባው ተጎድቶበታል። ሁሉም ለነዚህ ነው። ሃው ኩድ ዩ? እንዴት እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ዛኪያ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። የበደለችውን ያህል ልትወቀስ ተዘጋጅታለች፤ ከዚያ በላይ ላንዲት ቃል አንገቷን አትደፋም።

አቢጊያ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች። ከቦርሳዋ ጥቁር ጨርቅ አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሲኒዋን ድንጋዮች በአንድ በኩል፣ ከኤርሚያስ ፖስታዎች የወጡትን በሌላ በኩል ደረደረች። ትንሽ ቆይታ እጇን በአየር ላይ አቆመች። ለማየት ምሁር መሆን አያስፈልግም ነበር። ራሶቹ በዓይን እኩያ ይመስሉ ነበር፤ ድንጋዮቹ ግን እኩያ አይደሉም። የኤርሚያሶቹ ወፋፍራም፣ ያረጁ ነበሩ። የሲኒዋ ድንጋዮች ግን ስስ ነበሩ፤ ብርሃን ያሳልፋሉ።

«ኦህ ማይ ጋድ» አለች በሹክሹክታ። «እነዚህን ብወስድ ኖሮ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ዓሣ አዋቂ ነው ብለን እኛው ራሳችን እንመሰክር ነበር።»

«ካፒቴኑን በገዛ ድንጋዩ ልንወግረው ነበር» አለች ዛኪያ።

ኤርሚያስ ጨርቁን አፍጥጦ አየ። የሚሸፍንበት ነገር አላገኘም።

«እርግጠኛ የምንሆነው ላቦራቶሪ ገብቶ ሲሰነጠቅ ነው» አለች አቢጊያ። «የተቀቀለ ድንጋይ አንብቤ አላውቅም። ከየትኛው ዓሣ እንደሆነም ስለማናውቅ ግማሽ ምስክር ነው። ደግሞ ከየት እንደተገኘ መጻፍ አለብኝ። አንቲ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከሾርባ ነው ማለት አለብኝ። ይስቁብናል።»

«ግማሽ ምስክር ከሙሉ ውሸታም ይሻላል። ደውዪለት፤ ዓሣው የሱ ነው።»

አቢጊያ ደውላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስፒከር አደረገችው። ሬይ ወደብ ላይ ነበር፤ ሞተርና የባሕር ወፍ ይሰማል። አቢጊያ ሁሉንም ነገረችው፤ የፖስታዎቹን ነገርም አልደበቀችም። ጋሽ አብዱልወሃብ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ነው።

«ሴትየዋ አለች?» አለ ሬይ።

«አለሁ።»

«ሾርባው ጣፍጦ ነበር?»

ዛኪያ አሰበች። «ጠጠር ነበረበት» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። የደከመ ሰው ሳቅ ነበር፤ ረዘመ፤ ሲያበቃ ድምፁ ሌላ ሆነ።

«ሃያ ዓመት ውሸታም ሲሉኝ ኖሬያለሁ» አለ። «አንድ የውሸት ድንጋይ ቢገኝብኝ ኖሮ ልክ ነበሩ ይባል ነበር። ሾርባ ብለሽ ጻፊ፣ አቢጊያ። ይሳቁ። ቀጣዩን ዓሣም ከነራሱ እልካለሁ፤ እዚያው ቤት፣ ይህቺ ሴት እስካለች ድረስ።»

ስልኩ ሲዘጋ ኤርሚያስ ፖስታዎቹን ሰበሰበ። ከነድንጋዮቻቸው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተታቸውና ክዳኑን ዘጋ። ይቅርታ አላለም፤ አብሮት የኖረ ሰው ግን ያን ክዳን ሲዘጋ አንገቱ መቅላቱን ያያል። የቫኑን ቁልፍ በጣቱ ወደ ሽማግሌው ገፋ።

«እሱን ይያዙት፣ ጋሼ። የማቀዝቀዣውን ግን ያምጡ።»

ጋሽ አብዱልወሃብ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ከቀለበቱ እየታገሉ አወጡና ለዛኪያ ሰጧት። ኤርሚያስ ተቃውሞ አልነበረውም።

በዚያ ማታ መስጊዱ ከሐሙሱም ይበልጥ ሞልቶ ነበር። አቢጊያ ለስብሰባው ወደ ሃዋይ የምትበረው በማግስቱ ነውና፣ ሊትልተን ላሉት ወላጆቿ አመሻለሁ ብላ ደውላ፣ ጸጉሯን በዛኪያ ሻሽ ሸፍና ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ሰው በተምር አፈጠረ፣ መግሪብ ተሰገደ። እትዬ ማህፉዛ ጭልፋቸውን እንደ ዱላ ይዘው ከድስታቸው ጀርባ ቆመዋል። ሰው ሰሃኑን ይዞ ይጠጋል፣ ድስቱን ሰረቅ አድርጎ ያያል።

ያኔ ጋሽ አብዱልወሃብ ማይክሮፎኑን ያዙ። ዛኪያ ተሳቀቀች። አጎቷ ጥፋቴ ነው ሲሉ ሰምታ አታውቅም፤ ማይክሮፎን ይዘው ደግሞ የሚከራከሩት አያጡም።

«ወንድሞች፣ እህቶች» አሉ። «ትናንት በሾርባው የተገኘው ጠጠር አይደለም። የዓሣ ጆሮ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው። የሰው አማና ነበር። የተራበ አበላለሁ ብዬ ሳላስፈቅድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሰው አደራ ሰደቃ አይሰጥም፤ በዚህ ዕድሜዬ መማር አልነበረብኝም፣ ተማርኩ። የማህፉዛ ምስር ንጹህ ነው። አውፍ በሉኝ። ድንጋዩን ያልጣለ ካለ ለዛኪያ ይስጥ፤ ባሕር ላይ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ።»

ከዚያ ከወንዶቹ በኩል ፈሪድ፣ ታክሲ ነጂው፣ ብድግ አለ።

«የዓሣ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ወላሂ የኔ ጥርስ የተሰበረ መስሎኝ ለሐኪም ላሳየው ታክሲው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ! ቀጠሮ ሁሉ ይዣለሁ!»

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ፈሪድ ወደ ታክሲው ሮጠ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ፈትሻ ከታጠፈ ሶፍት ውስጥ ሁለት ድንጋይ አወጣች፤ እትዬ ማህፉዛን ለማማት ለእህቷ ልታሳያት ያስቀመጠችው ነበርና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሰጠች። ሌላዋም አንድ አመጣች። ሁሉም አልተገኘም። አቢጊያ የመጣውን ሁሉ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ እየተቀበለች፣ ከማን እንደተገኘ ትጽፋለች።

«ምስሬ ንጹህ ነው ወይስ አይደለም?» አሉ እትዬ ማህፉዛ ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው።

«ንጹህ ነው!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

«እንግዲያው ሰሃናችሁን አምጡ፤ አትሰልሉኝ።»

አቢጊያ ከሾርባው ጎንጨት አለችና የጻፈችውን አነበበች። «ከሾርባ፣ ከሲኒ፣ ከሶፍት፣ ከታክሲ» አለች። «አንቲ ዛኪያ፣ እዚያ ስብሰባ ላይ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ያሉት። ስነግራቸው መሳቅ ከጀመሩ ምን ልበላቸው?»

ዛኪያ አንዱን ድንጋይ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መብራቱ አቀረበችው። ስስ ነበር፤ ልጅ ነበር።

«ይሳቁ፤ አታቋርጫቸው» አለች። «ስቀው ሲጨርሱ ቀለበቱን ይቁጠሩ።»

ድንጋዩን ጨርቁ ላይ መልሳ፣ የማቀዝቀዣው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ መኖሩን በእጇ አረጋግጣ፣ ሰሃኗን ይዛ ተሰለፈች።